የአባባ ጆሮና የቪትዟ ስፒከር

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
የቪትዟ የግራ በር ስፒከር ዛሬ ጨርሶ ለየለት። መዝሙር ስከፍት እንደ ጥብስ ይንጣጣል። የቀኙም ብዙ አይሻልም። መቀየር አለባቸው።
ከመቀመጫው ሥር ያለው የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ግን ደህና ነው። መኪናዋን የሸጠልኝ ሰው ያስገባው ነው፤ እስከ ዛሬ ጎንበስ ብዬ እንኳ አይቼው አላውቅም። የተገኘው ስፒከር ሁሉ ይስማማው ይሆን?
አባባ ከጎኔ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰሞኑን እንዲህ ሆነዋል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
መሃል ከተማ፣ ሙንተሃ ሱቅ። የመኪና ዕቃ ትሸጣለች፤ ሳቋ ከመንገድ ይሰማል።
"ይሄን ውሰጂ፣ ወንጌላዊት። ሦስት መቶ ዋት!"
ወሰድኩ። የሱቁ ሠራተኛ ወዲያው ገጠመልኝ። ድምፁ መስታወቱን ያንቀጠቅጣል!

ዓርብ፣ የካቲት 7
ቡሹሎ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ መንገድ ላይ ድምፁ እልም አለ። አምፕሊፋየሩን ብነካው... እሳት!
ጎኑ ላይ በትንሹ ተጽፏል፤ ከአራት ኦም በታች አይገጠምም። የስፒከሮቹ ጀርባ ላይስ? ሁለት ኦም።
ሙንተሃ ጋ ደወልኩ። "ኦም ደግሞ ምንድን ነው? እኔ ዋቱን ነው የምሸጠው!" ብላ ሳቀች። ግን ነገ ነይና እቀይርልሻለሁ አለችኝ።
ስልኬ ላይ ሳነብ ዋልኩ። ኦም ማለት የቧንቧ ጥበት እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቧንቧው ይሰፋል፣ ብዙ ይፈስሳል፤ አምፕሊፋየሩ ያን ሁሉ ልስጥ ሲል ይግላል፣ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ሦስት መቶ ዋት የተባለውም ስፒከሩ ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ነው። ለካ ማየት የነበረብኝ ትንሹን ቁጥር ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ባለ አራት ኦም ተቀየረልኝ። ሠራተኛው ስላልነበረ ቤት ወስጄ ራሴ ገጠምኩት። ሁለት ሽቦ ነው፤ ምን ይከብዳል?
አልጋለም። አልጠፋም። ጎበዝ ነኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9
ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባባ የሚመሩትን ኳየር የድሮ ቅጂ ከፈትኩላቸው።
"ወንዶቹ የት ሄዱ?"
"የትኞቹ ወንዶች፣ አባባ?"
"ወፍራም ድምፆቹ። ባሶቹ። እኔም አለሁበት እኮ።"
ሰፈራችን ምሥራቅ ልንደርስ ስንል...
"ለኢዮስያስ ነግሬዋለሁ። ሌላ መሪ ይፈልግ። ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ልጄ።"
ኢዮስያስ የኳየሩ ሰብሳቢ ነው። መቼ ነገሩት? ለምን እኔ አላወቅኩም? ለካ ዝምታቸው ይሄ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10
ምሳ ሰዓት ቢሮ ሆኜ ያንኑ መዝሙር በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ባሶቹ አሉ! ጉልበታቸው ደግሞ!
ወደ መኪናው ሮጥኩ። የሉም።
ድምፁን ወደ ግራው ስፒከር ብቻ አዞርኩት፤ መጡ። ወደ ቀኙ ብቻ፤ መጡ። ሁለቱንም ስከፍት ጠፉ። ሁለት ሆኖ ከአንድ ያንሳል? እንዴት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 11
አገኘሁት!
ከሥራ እንደገባሁ የሁለቱንም በር ሽፋን ፈታሁ። ሽቦዎቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅዬ በባትሪ ድንጋይ ነካ አደረግኳቸው። አባባ ስፒከሮቹን እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው።
"ይሄኛው ወደ ውጭ ገፋ።"
"ወደ ቀኙ ይሂዱ።"
"ይሄ... ይሄስ ወደ ውስጥ ገባ።"
ለካ ቅዳሜ የአንዱን ሽቦ ገልብጬ ገጥሜው ነበር። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅ መሃል ላይ ይጠፋፋል።
አስተካክዬ ከፈትኩ። አባባ እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ቆሙ።
"ያ ወፍራም ድምፅ ተመስገን ነው። ሁልጊዜ ይቸኩላል።"
"አዩ! ጆሮዎ ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"
ፈገግ አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ታዲያ ልምምድ ላይ የሴቶቹ ድምፅ ለምን ይርቅብኛል? እዚያ ሽቦ የለም" አሉኝ።
ሐኪም ዘንድ ሄደን ጆሮዎን እናስመርምር አልኳቸው። እሺ አሉ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ተመረመሩ። ወፍራም ድምፅ ላይ ምንም አልሆኑም። ቀጭኑ ላይ ግን ሁለቱም ጆሮ ደክሟል። "ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው" አለች ሐኪሟ።
ሁሉም ነገር የሽቦ ስህተት እንዲሆን ፈልጌ ነበር።
አባባ ግን ቀለል አላቸው። "በቃ፣ የትኛው እንደጎደለ አወቅኩ" አሉ። ከሐኪም ቤቱ ግቢ ሳንወጣ ኢዮስያስ ጋ ደወሉ።

እሑድ፣ የካቲት 23
አባባ መሪነቱን አልተዉም፤ አሁን ኳየሩን ለሁለት ይመራሉ። ሴቶቹን ሐዳሳ ይዛለች፤ ድምፀ ቀጭን፣ ጥንቁቅ ልጅ ናት። አባባ ከወንዶቹ ፊት ቆመዋል። መሃል ላይ ያቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ሐዳሳ፣ የናንተ ልክ ገባ?" ይሏታል። አያፍሩም።
እኔ ውጭ መኪናው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኳቸው። ቴፑን አልከፈትኩም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ልምምዱን ሰማሁ።
ሲወጡ፣ "እንዴት ነበርን?" አሉኝ።
"ጥሩ ነው... ግን ሁለተኛው አዝማች ላይ ከወንዶቹ ቀጭኖቹ፣ ቴነሮቹ፣ ትንሽ ዝቅ አላሉም?"
በሩን እንደያዙ ቆም ብለው አዩኝ።
"አንቺም ሰማሽው?"