አራት ልጅ፣ አራት ጎማ

ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ አንዳንዴም ለምፈራሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሃል ላይ ቆም ብለሽ አበባ የምታዪ ትመስያለሽ ወይስ ተሽሎሻል? የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ፤ ይህን የምልሽ እኔ ሳልሆን ፋርማሲስቷ ልጅሽ ናት፣ «መጀመሪያ እሱን ጻፊ» ብላ ከጀርባዬ ቆማ ካስጻፈችኝ በኋላ ነው የሄደችልኝ። አክስቴስ ደኅና ናት? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። መኪናዋም ደኅና ናት። የምጽፍልሽም ስለ እሷ ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። አክስቴ ስልኩን ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያ ስለምትከፍተው፣ አንቺን ላዋራ ስል የማዋራው ግማሽ መንደሩን ነው። ባለፈው ጥርሴን አመመኝ ብልሽ በማግስቱ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ደውላ ሐኪም ጠቆመችኝ። ስለዚህ ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። መነጽርሽ ቢጠፋብሽ እንኳ እስኪገኝ ጠብቂ እንጂ ለማንም አታስነብቢ።

እማዬ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ ያልሽንን አንዳችንም አልረሳነውም። አባባ ካረፈ ወዲህ መኪናዋ የማን ትሁን እያልን ገበታ በቀረበ ቁጥር ስንናከስ መክረማችንን አንቺው ታውቂዋለሽ። አንድ ቀን መሮሽ፣ «እናንተ አራት፣ ጎማዋ አራት፤ ተካፈሏት!» ብለሽ ተነሳሽ። የሌላ ሰው ልጆች ቢሆኑ ነገሩ ገብቷቸው ያፍሩ ነበር። የአንቺ ልጆች ግን ተካፈልናት። ታላቃችን ጋሼ የፊት ቀኙን ያዘ፣ ፋርማሲስቷ የፊት ግራውን፣ አርቲስቱ የኋላ ቀኙን፤ የተረፈው ለእኔ ለትንሿ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ባለቤቱ ይጠራል፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይቆማል። አንቺም ይህን አይተሽ ነው ወደ አክስቴ የሄድሽው። «ተስማምታችሁ በዚያች መኪና አብራችሁ ስትመጡ እመለሳለሁ። ለየብቻችሁ በታክሲ ብትመጡ ግን በር አልከፍትም» አልሽ። እኛ ለሳምንት መስሎን ነበር።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ቤት አይደለም። ኮሪደሩ ላይ የሚጮህብን ሰው ስለሌለ መብራቱን ማንም አያጠፋም።

ታዲያ ዝም ብለን አልተቀመጥንም፤ ልንመጣ ተነስተን ነበር። መካኒኩ መኪናዋን አየና ጎማዎቹ መላጣ ሆነዋል፣ በዚህ የአክስታችሁን ቀይ ጭቃ ዳገት ከወጣችሁ እኔ ሥራዬን ትቼ ዳቦ እጋግራለሁ አለን። እዚህ ላይ ጤነኛ ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይመክራል። እኛ ግን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ጎማ ልንገዛ ተበተንን።

ጋሼን ታውቂዋለሽ፣ ፎርማንነቱን ከሕንፃው ሥራ ቤት ድረስ ይዞት ነው የሚመጣው፤ ጥርሱ መሃል እጅ የሚያስገባ የጭቃ ጎማ ገዝቶ መጣ። ትራክተር ላይ ቢገጠም ትራክተሩ ይፈራል። ፋርማሲስቷ በበኩሏ ጸጥ ያለና ነዳጅ የሚቆጥብ የአስፋልት ጎማ መረጠች፤ ከመግዛቷ በፊት ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አንብባ፣ የጎንዮሽ ጉዳት እንዳለው ሻጩን ጠይቃዋለች አሉ። አርቲስቱ፣ ሰርግ መቅረጹን እንደ ትልቅ ጥበብ የሚያየው ወንድሜ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ጽሑፍ ያለበትን ገዛ። ለምን ሲባል በቪዲዮ ያምራል አለ። እኔ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ደመወዝ የሚፈቅድልኝን፣ ትንሽ የሠራ ጎማ ከሰው ገዛሁ። ከሌሎቹ አነስ ይል ነበር፤ ሲነፋ ያድጋል ብዬ ነው።

ጎሚስታው አራቱን ተራ በተራ ሲገጥም መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ላይ ሳቁን ተወ፤ ሲጨርስ መኪናዋን በእጁ ዳሰስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገባ።

እንግዲህ ያኔ ዝናብ አገደን ያልንሽ ውሸት ነው። ጠብታ አልጣለም። ከቤት ስንወጣ የጋሼ ጎማ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ መሪው ወደ እኔ ጎማ በኩል ይጎትታል፣ ከሥር ደግሞ አንድ ነገር ያቃስታል። ፋርማሲስቷ የእኔ ድምፅ የለውም እያለች መንገዱን ሙሉ ስታስታውሰን ነበር። አደባባዩ ላይ ስንታጠፍ መኪናዋ እንደ ፍየል ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለለችና የተቃጠለ ሽታ ሸተተን፤ ከዚያ ቀጥ አለች። ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። አንዱን ጎማ አየ፣ ወደ ቀጣዩ ሄደ፣ ዞሮ ሲጨርስ ቁጣው ጠፍቶ በሐዘኔታ ነው ያየን። «መኪናዋን የገጣጠማችኋት እናንተ ናችሁ?» አለ። መኪናዋን ገፍተን ዳር አስያዝናት፤ እየገፋን ሁሉ ጥፋቱ የማን ጎማ እንደሆነ እንከራከር ነበር።

መካኒኩ ነገሩን ያስረዳን ከንዴቱ ብዛት ቁጭ ብሎ ነው። ይህቺ መኪና አራቱም ጎማዋ አንድ ላይ ነው የሚጎትተው፤ አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ፣ አንዱ አዲስ፣ አንዱ ያለቀ ከሆነ እኩል አይዞሩም፣ እኩል ካልዞሩ ደግሞ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው፣ መሃል ያለው ዲፈረንሻል ሲታገል ውሎ ይቃጠላል፤ የእናንተ ለጥቂት ነው የተረፈው። ስለዚህ አራቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን፣ በአንድ ጊዜ የተገዙ መሆን አለባቸው አለን። አባባ ስንት መኪና ሞልቶ ለእኛ ቤት ይህችን ብቻ መርጦ መግዛቱን ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

አራት አንድ ዓይነት እንግዛ በሚለው ተስማማን። የቱን በሚለው ግን አገር ይያዝልን አልን። ጎማ ቤት ሄደን ጋሼ በጭቃው፣ ፋርማሲስቷ በአስፋልቱ፣ አርቲስቱ በነጩ ጽሑፍ ሙጭጭ አሉ። ሻጩ ገና በጠዋት ምሳ ልበላ ነው ብሎ ወጣ፤ ሱቁን ለእኛ ጥሎ።

ጎማ ልንቀይር ነው ማለታችንን በስልክ ሰምተሽ የጻፍሽልን ደብዳቤ የደረሰን በዚህ መሃል ነው። እማዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደነገጥኩ። ለጭቃም ለአስፋልትም የሚሆነውን መካከለኛውን ያዙ፣ የጭቃው ብቻ ከሆነ የረጠበ አስፋልት ላይ ያንሸራትታችኋል ትያለሽ። ጎኑ ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት አለ፣ እሱን ሳታዩ እንዳትከፍሉ ትያለሽ። ቁልቁለቱን በማርሽ እንጂ በፍሬን እንዳትወርዱ ትያለሽ። አንቺ! ገበያ ውለሽ ስትመለሺ ቀለሙ ስለተመሳሰለ ብቻ የማታውቂው ሰው መኪና ውስጥ ገብተሽ ቀበቶ ያሰርሽው ሴትዮ!

ጋሼ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ፣ ይኸው እናታችን አባባ ሲናገር ታዳምጥ ነበር አለ። አባባ ነፍሱን ይማረውና ጎማ ከዞረ የሚበቃው ሰው ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። አክስቴ በአንዱ ስልክ ላይ፣ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣው ጎረቤታችሁ የጣሪያውን ቆርቆሮ እንደጠገነላችሁ፣ ከዚያም አጥሩን፣ ከዚያም ምንም ያልሆነውን በር እንደጠገነ ነግራኝ ነበር። ሌሎቹ ያን ቀን አልነበሩም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ዕለት ሦስቱንም ወደማስተምርበት ክፍል ጠራኋቸውና ሕፃናቱ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። የጋሼ ጉልበት ጆሮው ጋ ደርሷል። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ሕፃናት ሲጣሉ አንድ ሕግ አለ፤ ስለ ራስህ ከመናገርህ በፊት የጓደኛህን አንድ ጥሩ ነገር ትናገራለህ። ሕጉ ለእናንተም ነው አልኳቸው። ጋሼ የፋርማሲስቷን ጎማ እያሰበ ብዙ አማጠና፣ «የእሷ ጎማ… ጥቁር ነው» አለ። አይበቃም አልኩት። «ጥሩ ጥቁር ነው» አለ። የአራት ዓመት ልጅ ከዚህ ይሻላል።

ደግሜ አስሞከርኩት። ያኔ አንገቱን ደፍቶ፣ በእሷ ጎማ ከሄድን እናታችንን ድምፅ አይረብሻትም፣ እሱ ደግ ነው አለ። ከዚያ አላቆመም። የጭቃውን የያዝኩት ግትር ስለሆንኩ አይደለም፣ እማዬን ይዤ ያ ዳገት ላይ ብንሸራተት ብዬ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነው አለ። አርቲስቱ ቀጠለና፣ ቤት ስገባ በላህ ወይ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ወዲህ ቆሜ ነው የምበላው አለ። ፋርማሲስቷ ደብዳቤሽን ከቦርሳዋ አወጣችና ትንሿ ጠረጴዛ ላይ፣ የሕፃናቱ የቀለም እርሳስ አጠገብ አስቀመጠችው። እማዬ ያለችው ይሁን አለች። ሁላችንም ይሁን አልን። አለቀስን ብልሽ አታምኚኝም፤ ጋሼማ የጠመኔ አቧራ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ያንኑ ቀን መካከለኛውን ጎማ፣ አራቱንም አንድ ዓይነት ገዛን። ሳምንቱንና ዓመቱን ፋርማሲስቷ አራቴ አነበበች። መኪናዋ ሰጥ ለጥ ብላ ሄደች። የሚያጣላን ነገር ስለጠፋ ውስጧ ቁጭ ብለን ምን እንደምናወራ ግራ ገባን፤ በመጨረሻ አርቲስቱ ስለ አየሩ ጠየቀን።

ሰኞ ዕለት ደወልንልሽ። እኛም በድምፅ ማጉያ ከፍተን ስልኩን ከበን ተቀመጥን። ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ ተስማምተናል፣ እሑድ ልንወስድሽ እንመጣለን ሲልሽ፣ እኔ በደስታ ስትጮሂ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን አዘጋጅቼ ነበር። አንቺ ግን ምን አስቸኮላችሁ አልሽ። መንገዱ ገና ረጥቧል፣ አዲስ ጎማም መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ነው የሚለመደው አልሽ። ጋሼ ሊያረጋጋሽ ብሎ ግዴለም፣ የጎማዎቹን ነፋስ አርባ አስሞልቻለሁ ከማለቱ፣ ከአንቺ በኩል አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ «አርባ ይበዛል፤ ሠላሳ ሦስት ይበቃዋል» አለ።

ራዲዮ ነው አልሽን። ይሁን፣ ራዲዮ ነው። ግን እማዬ፣ ራዲዮው ጥቂት ቆይቶ፣ «ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ልቀይርልሽ?» አለ። አክስቴ ሳል ያዛትና ስልኩ ተቋረጠ።

ፋርማሲስቷ ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው ይሄ አለች። አርቲስቱ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ማይክሮፎኑ ጥሩ መሆን አለበት አለ። እኔ የማየው ጋሼን ነበር። ጋሼ የአባባን ኮፍያ ከመኪናዋ ዳሽቦርድ ላይ እንድናነሳ እንኳ ፈቅዶልን አያውቅም። ተነስቶ ወጣ። በቃ፣ አለቀልን፣ እማዬ አትመጣም ብዬ ተከተልኩት።

መኪናዋ ጋ አገኘሁት። ከሹፌሩ ጎን ያለውን የፊት ወንበር ወደ ኋላ እየገፋ የእግር ቦታ ያሰፋል። ከእኛ ቤት ረጅም እግር ያለው ሰው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ከኋላ መቀመጥ አይሆንለትም፣ ያጥወለውለዋል አለኝ። እኔ ስለ ሰውዬው ነግሬው አላውቅም፤ ማን እንደነገረው አልጠየቅኩትም። ከዚያ መለኪያውን አወጣና ጎንበስ ብሎ አራቱንም ጎማ ወደ ሠላሳ ሦስት አወረደ።

እሑድ ጠዋት ሦስቱ ይመጣሉ። መኪናዋ የምትይዘው አምስት ሰው ስለሆነ እኔ እቀራለሁ፤ ቤቱን ላናፍስ፣ አልጋ ላነጥፍ። መንገዱ ረጥቧል ያልሽውን ሰምቼአለሁ። በእኛ በኩል ደርቋል፣ እማዬ። ሳትፈሪ ውጪ።

አክስቴን እጇን ሳሚልኝ፤ ጤና ይስጣት፣ ስልክ መዝጋትም ያስተምራት። አንቺን ደግሞ ያቆይልን፣ ጉልበትሽን ያበርታልን፣ የልብሽን ይሙላልሽ። ራዲዮውን በእኔ በኩል ሰላም በዪልኝ፤ ሻዩ ላይ ስንት ስኳር እንደሚያደርግ ብቻ ንገሪኝና አፍልቼ እጠብቃለሁ።

የምትወድሽ፣
ትንሿ ልጅሽ