ያልተቀየረው የውሃ ፓምፕ

እንጅባራ፣ መጋቢት 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ባለቤትህና ልጅህ እንደምን ናቸው? የከተማችን የቆሰበር ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ቤተሰቤ ግን ደህና ነው። ስልኬን ስለማታነሳ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ደግሞም በስልክ ቢሆን ኖሮ ጮኼብህ የማይሆን ነገር እናገር ነበር።

ጻፍልኝ ያሉኝ እናትህ ናቸው። «እግሬን ትንሽ ታምሜ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል በልልኝ» አሉኝ። ይኸው ጻፍሁልህ። ከዚህ በታች ያለው ግን የራሴ ነው።

ሚኒባሷን የገዛኋት ባንተ ምክር ነው፤ አትክድም። «ያረጀ መኪና ገዝተህ አትቃጠል፤ እኔ ከምሠራበት ካምፓኒ አዲስ ውሰድ። ዋስትና አላት፣ እኔም አለሁልህ» አልኸኝ። አባቴ የተወልኝን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ ገዛኋት። ገና በአራተኛው ወር ውሃ ማፍሰስ፣ ሙቀት መጨመር ጀመረች። እዚሁ ሰፈራችን ያለው መካኒኩ አድማሴ አያት። የውሃ ፓምፑ ነው፣ ልቀይረው አለኝ። አንተ ግን በስልክ «ሌላ እጅ ከነካት ዋስትናው ይቀራል፤ ወደኛ አምጣት» አልኸኝ። አድማሴ ለመንገድ እንድትሆነኝ ብሎ የሚያፈሰውን ቦታ በማስቲሽ ለጠፈልኝ። የዓባይን በረሃ አራት ጊዜ እየቆምሁ፣ ውሃ እየጨመርሁ አዲስ አበባ ደረስሁ።

እዚያ ስደርስ ፓምፕ በዋስትናው አይሸፈንም አላችሁኝ። ዘጠኝ ቀን መኪናዋ ውስጥ አደርሁ። የጠየቃችሁኝ ዋጋ አድማሴ ከጠራልኝ አሥር እጥፍ ነበር። ሳጉረመርም አንተ መጣህ። «ኦሪጅናል ዕቃ ነው፤ ሲገጠም እኔ ራሴ ቆሜ አይቻለሁ» አልህና ስከፍል ደረሰኙ ላይ ፈረምህልኝ። አቅፈህም ሸኘኸኝ። ስመለስ ውሃ ስላላፈሰሰች አመንሁህ።

ከተመለስሁ ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። እናትህ ለከሰል የተቆረጠው የዲከረንስ ዛፍ ሲጫን ቆመው ሳለ ግንድ ተንከባሎ እግራቸውን ጨፈለቀው። የእንጅባራ ሐኪሞች ደም ወደ እግራቸው እየሄደ አይደለም፣ ቶሎ ባሕር ዳር አድርሷቸው አሉን። አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቷል። እኔና እህትህ ሀይማኖት ተሸክመን ሚኒባሷ ውስጥ አስተኛናቸው።

አዲስ ቅዳም ከተማን እንዳለፍን የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። እውነቱን ልንገርህ፣ አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልሁ። ፓምፑ አዲስ ነው፣ አብሮ አደጌ ፈርሞበታል፣ የተሳሳተው መለኪያው ጌጅ ይሆናል ብዬ ነዳሁ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ባንተ ላይ አላላክከውም። ዳንግላ ሳንደርስ ሞተሩ ጨሶ ቆመ።

እሑድ ነበር። የሚያልፈው መኪና ጥቂት ነው፣ እሱም ጢም ብሎ የሞላ። ሦስት ሰዓት ሙሉ መሐል መንገድ ላይ እጄን እያወናጨፍሁ ቆምሁ። ሀይማኖት ታለቅሳለች፤ እናትህ ተጋድመው «አይዞህ ልጄ፣ አትጨነቅ» እያሉ እኔን ያጽናናሉ። በመጨረሻ ያነሳን ከሰል የጫነ አይሱዙ ነው። ባሕር ዳር ስንደርስ ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ» አለና አንገቱን ደፋ። ቀኝ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች ቆረጡት። «ትንሽ ታምሜ ነበር» ያሉህ ይህንን ነው። እህትህንም እንዳትነግርህ አስምለዋታል።

መኪናዋን አስጎትቼ አመጣሁና አድማሴ ፈታት። ፓምፑን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እሱ ራሱ የለጠፈው ማስቲሽ ደርቆ እንዳለ ነበር። አንድ ብሎን እንኳ አልነካችሁም።

ሳታይ ፈርመህ ከሆነ «ቆሜ አይቻለሁ» ያልኸኝ ውሸት ነው። አይተህ ከሆነማ ምን እልሃለሁ? አብረን አድገናል፤ እናትህ ከአንድ ገበታ አብልተውናል። ካምፓኒው ለኔ ባዕድ ነው፣ ከእሱ ብዙ አልጠበቅሁም። አንተን ነበር ያመንሁት።

ለእናትህ አልነገርኋቸውም። ግን አድማሴ ሊጠይቃቸው የመጣ ዕለት ደጅ ቆመን ይህንኑ ስናወራ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስላንተ መጠየቅ ትተዋል። ጎረቤት «ልጅዎ መቼ ይመጣል?» ሲላቸው ወሬ ይለውጣሉ።

ልመርቅህ ሞክሬ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። ስለዚህ የእናትህን ምርቃት ሳልጨምር ሳልቀንስ ተቀበል፦

«ልጄን እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርልኝ። ቤቱን፣ ልጁን ይጠብቅለት። አልተቀየምሁትም በልልኝ። ‹በምን?› ብሎ ቢጠይቅህ፣ እሱ ያውቀዋል በለው።»

አብሮ አደግህ