ልጄን ስለ ዳሩልኝና ስላፋቱልኝ

ለተከበሩ አቶ በላቸው አድማሴ፣
የሴቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣
አራዳ፣ ጎንደር።

የልጄ የአበቡ መንገድ በማን እንደ ተዘጋ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚጠይቀኝና ለእያንዳንዱ በቃል መመለስ ስለ ደከመኝ፣ ስምዎን ከላይ በጉልህ ጽፌዋለሁ። የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎን ጤና፣ በዚህ ክረምት ጭቃ የሚመላለሰውንም የማኪናዎን ጤና እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኔ መቀመጥ ካለመቻሌ በቀር ደኅና ነኝ። ፈትል እይዛለሁ፣ ይበጠሳል፤ ከቁስቋም አራዳ እወርዳለሁ፣ ምን ልሠራ እንደ መጣሁ ሳላውቅ እመለሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጠጉሬ ከሸበተ በኋላ ነውና የእጅ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርዎ ይታገሡኝ፤ መታገሥን ለእኔ ሲያስተምሩኝ ስለ ከረሙ ለእርስዎ አይከብድዎትም።

አምና ወላጆችን ሰብስበው፣ ባሕር ማዶ ባለ አንድ ኮሌጅ የልብስ ሥራ ትምህርት እንደሚሰጥ ነገሩን። ልብሱ መጀመሪያ በወረቀት ላይ እንደሚነደፍ፣ ከዚያ ናሙናው ተሰፍቶ በሰው ላይ እንደሚሞከር፣ ጉድለቱ ከታረመ በኋላ ለልዩ ልዩ አገር ሰው በሚስማማ ልክ በፋብሪካ እንደሚመረት አስረዱን። ከጠቅላይ ግዛታችን ለአንዲት ልጅ ቦታ ተሰጥቷል፣ መራጮቹም አዲስ አበባ ተቀምጠው እስከ ዘንድሮ ሐምሌ መጨረሻ ይጠብቃሉ አሉ። አበቡ ያን ቀን ቤት እስክትገባ አልጠበቀችም፤ መንገድ ላይ ነጠላዬን ገልጣ ቀሚሴን መለካት ጀመረች። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ፣ ልጄን እንቅልፍ ስለ ነሷት አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ናሙናዋ። አበቡ ኮላ ድባ ገበያ ወርዳ እህል የሚሸጡትን ሴቶች ስታይ ዋለች። እየሰፈሩ ልጅ ሲያጠቡ በአንድ እጃቸው ነጠላ፣ በአንድ እጃቸው ልጅ፣ መስፈሪያው ከጉልበታቸው መሐል ሲንሸራተት አየች። ከዚያ ተነሥታ ጡት ለማጥባት ከጎን የሚከፈት፣ ለገንዘብ ውስጥ ለውስጥ ኪስ ያለው ቀሚስ ነደፈች። በአክስቷ ላይ ሞከረች፣ ፈታች፣ እንደገና ሰፋች። እርስዎም አይተው ሥራው ሸጋ ነው፣ ግን ባሕር ማዶ የገበያ ሴት ልብስ ልንልክ ነው ወይ ብለው ሳቁ። የእኛ አገር ሴት ገበያ እንደማትወጣ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበርና፣ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠርጉ። ልጃገረድ ብቻዋን ባሕር አትሻገርም፣ ኃላፊ የሚሆናት ባል ይኑራት፣ ያለዚያ ስሟን አላስተላልፍም አሉኝ። ለምኜ እንቢ ስላሉኝ፣ የጎረቤቴን ልጅ ዋኘውን ጠየቅሁት። የጭነት ማኪና ነጂ ነው፤ ቁም ነገረኛ፣ ዓይነ አፋር ነው። ሚስቱ ሆና ወዲያው ባሕር ማዶ እንደምትሄድ ስነግረው፣ ተምራ ከተመለሰች ምን ቸገረኝ ብሎ እሺ አለ። ያለ ዘፈን፣ ያለ ዳስ፣ በሰማንያ ተጋቡ። እርስዎም መርቀውልናል፤ ምርቃትዎ አሁን የት እንዳለ ባይታወቅም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍቺው። ሠርጉ ባለፈ ሰሞን ስሟ ተላልፎ እንደ ሆነ ልጠይቅ ብመጣ፣ ኮሌጁ ባለ ባል ሴት አይቀበልም፣ መንገድ ላይ ብታረግዝስ አሉኝ። ምነው ይህን አስቀድመው ቢነግሩኝ ስል፣ ደንብ ይለወጣል ብለው ወደ ቢሮዎ ገቡ። እንግዲህ ጌታዬ፣ ሽማግሌ ተሰበሰበ። የሰፈራችን ሽማግሌ አያ ክንዱ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን የሚያስታርቁት ጠፋባቸው። ምን በደለችህ ቢሉት ዋኘው ምንም አለ፤ ምን በደለሽ ቢሏት አበቡም ምንም አለች። አያ ክንዱ ተቆጥተው፣ ታዲያ የተጣላው ማነው ብለው ጠየቁ። እኔ፣ ዳይሬክተሩ ናቸው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሲስቁ ዋኘው አልሳቀም፤ ሰማንያው ሲቀደድ መሬት መሬት ያይ ነበር። በዚያ ቀን የሰው ልጅ ሳይጣላ እንዴት እንደሚለያይ ለሰፈራችን ስላስተማሩ አመሰግናለሁ።

ከዚያ በኋላ የተፋታች ሴት የጎንደርን ስም ይዛ ባሕር ማዶ አትቆምም አሉ። ለዚህ ምስጋና ፈልጌ አጣሁ። ልጃገረድ ሆና አልሆነችም፣ ሚስት ሆና አልሆነችም፣ ፈት ሆና አልሆነችም። መነኩሴ ሆና ብትመጣስ ብዬ ልጠይቅዎ አስቤ ነበር፤ ግን ይህንንም እሺ ብለው ካስመነኮሷት በኋላ ቆብ ለብሶ መማር ክልክል ነው ይላሉ ብዬ ፈራሁ።

በመጨረሻ ስለ ትምህርት ቤቱ መዝጊያ በዓል። ለእንግዶቹ ንግግር ሲያደርጉ፣ ዘንድሮ ለዚህ ትምህርት የምትበቃ ልጅ ከጎንደር አልተገኘችም አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እጄ ለምዶበት እኔም አጨበጨብኩ። ቀጥለው እንግዶቹን ወደ ጠረጴዛው ወስደው የትምህርት ቤታችን ሥራ ነው እያሉ ያሳዩት የአበቡን ቀሚስ ነበር። ያልበቃችው እሷ፣ የበቃው ልብሷ መሆኑ ነው። እንግዶቹ ኪሱን እየነካኩ ሲያደንቁ አበቡ ከተማሪዎቹ መሐል ወጣች። እጅ ነሣችና፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ቀሚስ ያላገባችም፣ ያገባችም፣ የፈታችም ትለብሰዋለች» አለችዎት። ቀሚሱን አጣጥፋ፣ በክንዷ ይዛ ወጣች። እርስዎ ያን ጊዜ ስለ አየሩ ሁኔታ ለእንግዶቹ ይነግሯቸው ነበር።

በማግስቱ ጧት አበቡ ከአክስቷ ጋር ሆና በዋኘው ማኪና ወደ አዲስ አበባ ሄደች። መራጮቹን ራሷ አግኝታ ቀሚሱን ልታሳይ ነው። ሐሜት ለሚወዱ ሰዎች እንዲመች፣ ነጂው የቀድሞ ባሏ መሆኑን አልደብቅም። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ እንደ ሆነ፣ በሰዓቱ ደርሳ እንደ ሆነ፣ በሩን ይከፍቱላት እንደ ሆነ አላውቅም። የማኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እወጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እጄን የማሳርፍበት ሳጣ ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የላክሁትም በቢሮዎ በኩል ያለፈ ነገር ከወዲያ ማዶ ሲወጣ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

ለልጃችን ባል ፈልገው፣ ባሏን አፋትተው፣ ልብሷን ለእንግዳ አሳይተው፣ እሷን ብቻ የረሱ፣ የብዙ ሥራ ባለቤት ለሆኑት ለክቡርነትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ሐረገወይን ነጋ
ቁስቋም፣ ሐምሌ ፰ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ በደጄ ሲያልፉ ሥራዬን ጥዬ ብድግ እል እንደ ነበር ያስታውሳሉ። ለእርስዎ አልነበረም፤ ለአበቡ ነበር። አበቡ ሄዳለች። ከእንግዲህ በደጄ ሲያልፉ አልነሣም።