በጸሎት የተዘጋ ስብሰባ

ናይሮቢ፣ ሐሙስ ጥቅምት 13

ዛሬ ምግብ ቤቱን ለእህቴ ትቼ፣ ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ ዋንጂሩ ጋር የከተማችን አስተዳደር የሆነው ካውንቲ ወደጠራው የሕዝብ ስብሰባ ሄድኩ። የካውንቲው ምክር ቤት ኮሚቴዎች ከእንግዲህ ሕዝብ ፊት እንዲሰበሰቡ የሚያስገድድ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት ስጡ ተብለን ነው። እኛ የሁርሊንግሃም ሰፈር ነጋዴዎች መንገዳችን ሊቆፈር መሆኑን የሰማነው ዶማው ደጃችን ከደረሰ በኋላ ስለነበር፣ ነገሩ ያንገበግበናል።

ሊቀመንበሩ ረቂቁን ሲያነብ ግን "ኮሚቴው ካልፈለገ በስተቀር" የምትል ሐረግ እንደሰኩበት ሰማን። ዋንጂሩ እጇን አወጣች። እንዳላየ አለፋት። ብድግ ብላ ቆመች። ይሄኔ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ "እንጸልይ" አለ። በጸሎት መሀል ማን ይናገራል? ሁላችንም ተነስተን አንገታችንን ደፋን። ስለ ዝናቡ ጸለየ፤ ስለ መሪዎቻችን ጸለየ፤ በመጨረሻም "ሕዝብህ ይህን ረቂቅ በአንድ ድምፅ ስለደገፈ እናመሰግንሃለን" ብሎ አሳረገ።

አዳራሹ በሙሉ "አሜን!" አለ። ጸሐፊዋም ወዲያው ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረችው።

ስንመለስ፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ስሳደብ ስሳደብ ዋንጂሩ ሰማችኝና "ማማ ሳራ፣ አንቺም እኮ አሜን ብለሻል" አለችኝ።

ብያለሁ። ያውም ጮክ ብዬ።