የአርዲቦን ውሃ የለኩት የአቶ እንየው ፈንታሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ እንየው ከአባታቸው ከአቶ ፈንታሁን ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አጸደ ዓሊ፣ በተሁለደሬ ወረዳ፣ አርዲቦ ሐይቅ ዳር፣ ጥር 7 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከመሪጌታ ቆጥረው፣ ሐይቅ ከተማ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ወይዘሮ እቴነሽ ካሳን አግብተው ቅዱስንና ሳራን ወልደዋል።

በ1977 ዓ.ም. የሐይቁን ውሃ ለመለካት ተቀጠሩ። ሥራቸው በየማለዳው ውሃው ውስጥ ከተተከለው ባለ ቁጥር ብረት ላይ ቁጥሩን አንብቦ መጻፍ ነበር። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የአካባቢው ገበሬ በመስኖ ሽንኩርት ይትከል ወይስ በሽምብራ ይብቃው ብሎ የሚቆርጠው ያን ቁጥር ሰምቶ ነው።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብረቱ ተነቃነቀባቸው። ጠንቃቃ ነበሩና በድንጋይ መትተው አጠበቁት፤ ብረቱም አንድ ስንዝር ያህል ጭቃው ውስጥ ገባ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲነበብ፣ የወረደው ብረቱ እንጂ ከፍ ያለው ውሃው አለመሆኑን ልብ አላሉትም። «ውሃው ይበቃል» አሉ፤ አርባ አባወራ ሽንኩርት ተከለ። በየካቲት ሐይቁ ከቦዩ አፍ በታች ወርዶ ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ደረቀ።

ሰው ሁሉ ዝናቡን ነበር የወቀሰው። አቶ እንየው ግን ብረቱን መርምረው ነገሩ ሲገባቸው፣ በውሃ ስብሰባው ላይ ተነሥተው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። የራሳቸውንም የመስኖ ተራ ለተጎዱት ለቀቁ። እንዲህ ሁለት ዓመት ከቆዩ በኋላ፣ ሽንኩርታቸው ከሁሉ ቀድሞ የደረቀባቸው ጎረቤታቸው አቶ ባድሩ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ወላሂ እንየው፣ ተራህን ካልወሰድክ እኔም ተራዬን አልፈልግም!» ብለው በግድ አስወሰዷቸው። አቶ እንየው ከዚያ በኋላ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ በመሮ እንደ ብረቱ ያለ የቁጥር ምልክት ቀርጸው፣ ብረቱን ከድንጋዩ ጋር ሳያስተያዩ አንድም ቀን ቁጥር አልተናገሩም። ግትር ነበሩ፤ ይህን ቤተሰቡም አይክድም።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ደሴ ሲታከሙ ቆዩ። ልኬቱን የተረከበችው ልጃቸው ሳራ በየጠዋቱ ትደውልላቸው ነበር። የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት «ብረቱ ዘጠና አንድ» ስትላቸው፣ «ድንጋዩስ?» አሉ። «ድንጋዩም ዘጠና አንድ» አለች። «እንግዲያው ለባድሩ ንገሪው፤ ሽንኩርቱ ይደርሳል» አሉ። በዚያው ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውም ብርታቱን ይስጥ።

አቶ ባድሩ ትናንት፣ በአርባቸው ዋዜማ፣ ሽንኩርታቸውን መንቀል ጀምረዋል።