ብርነሽን ያሳጣሽ ቃል

ጎንደር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የደባርቅ ብርድ ዘንድሮ ጠንቷል አሉኝ፤ ስታስቀድሺ ጋቢ ደርቢ። እኔ አካሌ ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባታችን ፊደል አስቆጥሮሻልና ይህን ለማንም ሳታስነብቢ ለብቻሽ ሁነሽ አንብቢው።

ስለ ብርነሽ ነው።

ያ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስና ሚስቱ ልጅሽን ለዓይኗ አስመራ ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ብለው ቤትሽ የመጡ ዕለት አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ ልጅቱን አቅፋ "ብሪንግ አፕ" አለች። "ብሪንግ" ማምጣት፣ "አፕ" ወደ ላይ፤ የማውቀው ይህንኑ ነው። አሳክመው፣ የሊማሊሞን ዳገት ይዘዋት ወደ አንቺ ይወጣሉ ማለት መሰለኝ። አንቺም መቼ እንደሚያመጡልሽ ጠየቅሽኝ። እነሱን ሳልጠይቅ ለፋሲካ አልኩሽ። ወረቀታቸው ላይ ፈረምሽ።

ከእነሱ ጋር ጎንደር ገብቼ ቃሉ አላስተኛ ቢለኝ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩን ነጋን ጠየቅኩት። ሁለቱ ሲጣመሩ ማሳደግ ማለት ነው አለኝ፤ ልጅን ወስዶ ማሳደግ። ሰዎቹ ጓዛቸውን እየጫኑ ገና ጎንደር ነበሩ፤ ልነግራቸው ሄድኩ። ብርነሽ መኪናው አጠገብ ቆማ፣ ዓይኗ በጨርቅ እንደታሰረ፣ "አጎቴ" እያለች እጄን ያዘችኝ። መሐንዲሱ እንዲቀጥረኝ ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ አለቃ የጻፈውን ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ።

ሥራ የያዝኩት መቼ እንደሆነ ታስታውሻለሽ።

ያን ፋሲካ መኪና በጮኸ ቁጥር ወደ መንገዱ ትሮጪ እንደነበር ጎረቤትሽ ማሬ ነግራኛለች። በየዓመቱም መንገድ ተበላሽቶ ነው እልሽ ነበር። መንገዱ ደኅና ነበር፣ እታለም።

ዘንድሮ ለሴትዮዋ እውነቱን ጻፍኩላት። አድራሻዋን ድሮም አውቀው ነበር። እሷም "እናትየዋ ወዳ የሰጠችኝ መስሎኝ ነበር" ብላ አልቅሳ መልሳለች። ከዚህ ጋር የምታገኚው ፎቶግራፍ የብርነሽ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ብሩህ። በጀርባው በገዛ እጇ በእንግሊዝኛ ጽፋልሻለች። እኔ አልተረጎምኩትም። ነጋ ቅዳሜ ደባርቅ ይመጣል፤ እሱ ያንብብልሽ። መልሱንም ለእሱ ንገሪው።

አምላክ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ልጅሽን በዓይንሽ ለማየት ያብቃሽ። ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ታናሽ ወንድምሽ