ባዶውን አትሰርዙ

ሚያዝያ 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። በምን ስም እንደምጠራህ ግራ ስለገባኝ «ልጄ» ብቻ ብዬ አልፌዋለሁ። ያለፉት ደብዳቤዎቼ ይድረሱህ አይድረሱህ አላውቅም። ደርሰውህ ዝም ብለህ ከሆነም ይሁን፤ ዝምታን ከእኔ ነው የወረስከው።

ድምፅህን ግን እየሰማሁ ነው። አትደንግጥ። የጎኑን ክፍል ያከራየኋት ልጅ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ትናንሽ ሳጥኖች እየደረደረች በገመድ ታያይዛለች። አንዱ ሳጥን ቁጥር ይሰጣል፣ ሌላው ነጥብ ያስቀምጣል፣ ሌላው ምሰሶ ያቆማል፤ ቁጥሩን ስትነካው ሕንፃው ራሱ ይለወጣል። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ «እሺ፣ አሁን ቀስ ብለን እንየው» የሚል የወንድ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። ቢላዋው ከእጄ ወደቀ። አባትህ ብረት ከመቁረጡ በፊት የሚላት ቃል ናት።

ገባሁና «ማነው የሚያወራው?» አልኳት።

«አስተማሪዬ ነው እማማ። እሱ እንኳ አያውቀኝም፤ ትምህርቱን ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ግን ትዕግሥቱ! እናቱ እንዴት ያለች ሴት ብትሆን ነው እላለሁ።»

«እንዴት ያለች ትመስልሻለች?»

«ሳቂታ!»

ልጄ ነው አላልኳትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ተማሪህ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት አንተና ወንድምህ ጮክ ብላችሁ ስታጠኑ ከበር ኋላ ቆሜ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ይሄንንም እንደዚያው ነው የያዝኩት። ዝርዝር ከዜሮ መቆጠር እንደሚጀምር፣ ዛፍ የምትሉትም እያንዳንዱ ዝርዝር በየራሱ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ እንደሆነ ገብቶኛል። ተከራይዬ ትዕግሥት የላትም፤ ሲጨንቃት ቅርንጫፎቹን ሁሉ ደፍጥጣ በአንድ ረድፍ ታሰልፋቸዋለች። ባለፈው ያንዱ ፎቅ መስኮት ሌላው ፎቅ በር ላይ ተለጥፎ አየሁ።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ደፍጥጬው ነዋ እማማ! ቅርንጫፉ ሲጠፋበት ማን የማን እንደሆነ በምን ይወቅ?»

«ምስኪን» አልኩ።

«ለመስኮት አዘኑ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ስለ ባዶ ያስተማርከውን ስሰማ ግን ቀልዱ ሁሉ ጠፋብኝ። በአንድ ዝርዝር ምሰሶዎችን፣ በሌላው ቁመታቸውን ደረደርክ። ሦስተኛው ምሰሶ በቦታው ደረጃ ስለሚያልፍ ቀረና ቦታው ባዶ ሆነ። «ባዶ አያምርም ብለን ስናጸዳው ምን እንደሚሆን እዩ» አልክ። ባዶው ሲሰረዝ አራተኛው ምሰሶ ወደ ሦስተኛው ቦታ ተጠጋ፤ የሌላውን ቁመት ወሰደ። ከእሱ በኋላ ያሉትም እንደዚያው። ጣሪያው ተንጋደደ። «ባዶውን አትሰርዙ» አልክ፤ «ምንም ባይኖርበት ቦታው የራሱ ነው።» ከዚያ ውሃ ስትጠጣ ተሰማኝ።

ወንድምህ የሞተ ጊዜ እኔን ማን አስተማረኝ? ከበሩ ኋላ ሁለት መስቀያ ነበር፤ የፊተኛው የእሱ፣ ሁለተኛው ያንተ። የፊተኛውን ባዶ እያየሁ ለሰው እራት ማቅረብ አቃተኝ። ሁለተኛውን በጉጠት ነቅዬ ቀዳዳውን በጄሶ ደፈንኩ፤ ኮትህን የእሱ ላይ ሰቀልኩ። የሥራ ጫማውን ሰጠሁህ፤ ስለሰፋህ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበት። ሥዕልህን ትተህ በአባትህ ብረታ ብረት ቤት እሱ በቆመበት ቆምክ። በእሱ መጠሪያ «ትልቁ!» ስትባል «አቤት» ትል ጀመር። ማን እንዳስለመደህ ሁለታችንም እናውቃለን። አባትህ አንድ ቀን ብቻ «ይሄ ልጅ ያነክሳል» አለኝ። «ጫማው ነው፤ ይለምደዋል» አልኩት።

አንተ ግን አልለመድከውም፤ ሄድክ። አባትህን ስንቀብርም አልመጣህም። ያኔ የቆምኩት ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ እያየሁ ነው፤ ማንም አልሞላልኝም።

ባለፈው ሳምንት ተከራይዬን «አንድ ጥያቄ ጻፊልኝ» አልኳት። በራሷ ስም ጻፈችው፤ ባዶው ከተሰረዘና ሌሎቹም ቦታ ከለወጡ በኋላ መመለስ ይቻላል ወይ? ብላ። እራት ሳናቀርብ መለስክ።

«እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከተሰረዘ በኋላ ዝርዝሩ ባዶው የት እንደነበር አያስታውስም፤ እዚያው ላይ ሆነሽ አታስተካክዪውም። ከማጽጃው ሳጥን በፊት ወደነበረው ተመለሺ፤ እዚያ ገና አለ። ካስቸገረሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።»

አብረን እናየዋለን! ለማታውቃት ሴት! በራሴ ስም ለዓመታት ጽፌ አንዲት መስመር ያላገኘሁ፣ በሰው ስም ብጠይቅህ እህትህ ሆንኩ።

«ደስ አይልም እማማ?» አለች ተከራይዬ።

«ይላል» ብዬ ወጣሁ።

በማግሥቱ የአባትህን ብረታ ብረት ቤት የያዘውን በያጅ ጠራሁት።

«እዚህ ጋ ፈልፍልልኝ።»

«ደህና ግድግዳ ለምን ያቆስላሉ?»

«ቀዳዳ አለበት።»

«የታለ? ምንም አይታይም እኮ።»

ጣቴን አኖርኩለት። ጄሶው ሲረግፍ ቀዳዳው እንዳለ ነበር። አዲስ መስቀያ ተከለልኝና ትተሃት የሄድካትን ኮት ከፊተኛው አንስቼ እሱ ላይ ሰቀልኳት። በያጁ ላቡን ሊጠርግ ቆቡን አውልቆ የፊተኛው ላይ ሊሰቅል እጁን ዘረጋ።

«ተው!» አልኩት።

«ይቅርታ፤ ሰው አለበት እንዴ?» አለ እየሳቀ።

«አለበት» አልኩት። ሳቁን ዋጠ።

ይሄም ደብዳቤ መልስ ካጣ በተከራይዬ ስም መጠየቄን እቀጥላለሁ፤ በዚያ በኩል ሰው አክባሪ ነህ። ና ብዬ ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ብዕር አነሳሁ። ግን ማንን ነው ስጠራ የኖርኩት? የጠራሁህ በወንድምህ ስም ነበር። አሁን በራስህ ልጥራህ።

ትንሹ፣ ና።

ያቆምከው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቁምልህ። ያስተማርካቸው አይርሱህ። የምትጫማው ሁሉ ልክህ ይሁን።

የትልቁም፣ የትንሹም እናት